ስልክ ላይ ስታነቡ ጽሑፉ እየዘለለ ለሚያስቸግራችሁ፦ ከፋይሉ የሚጀምር ማስተካከያ

ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ሄዳችሁ «ሞጁል ሳነብ ስክሮል አላደርግ ይለኛል፣ ይቆምና ይዘላል» ብትሉ የምትሰሙት መልስ የታወቀ ነው፦ «ሶፍትዌር ይጫንለት»። ይጫናል። ፎቶው ይጠፋል፣ ስልክ ቁጥሩ ይጠፋል፣ ያው ሞጁል ከቴሌግራም ተመልሶ ሲወርድ ያው መዝለል አብሮት ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ፋይሉ ላይ ነው፤ ሰው ግን ሁልጊዜ የሚጀምረው ከስልኩ ነው።

ስለዚህ እዚህ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። መጀመሪያ ፋይሉ፣ ቀጥሎ ስልኩ፣ መጨረሻ ላይ የማንበቢያው አፕ። መመሪያው የተጻፈው ከ2 እስከ 4 ጊጋ ራም ላላቸው አንድሮይድ ስልኮች ነው፤ ቴክኖ፣ አይቴል፣ ኢንፊኒክስ፣ የቆዩ ሳምሰንጎች። የሜኑ ስሞች ከስልክ ስልክ ትንሽ ይለያያሉ፤ ቃሉን በትክክል ካላገኛችሁ ሴቲንግ ውስጥ ባለው መፈለጊያ ፈልጉት።

ለምን እንደሚዘል

ተራ ስክሪን ምስሉን በሴኮንድ 60 ጊዜ ያድሳል። ጣታችሁ ጽሑፉን ሲገፋ ስልኩ ቀጣዩን ምስል ለማዘጋጀት ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሴኮንድ ብቻ ነው። ካልደረሰበት የቀድሞው ምስል ባለበት ይቆያል፤ በሚቀጥለው ላይ ጽሑፉ የሁለት እርምጃ ያህል በአንዴ ይሄዳል። ዓይናችሁ መዝለል ብሎ የሚያየው ይህንን ነው።

አሁን ስልኩ ምን እንደተሸከመ አስሉ። አንድ ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን ሲደረግ 2480 በ3508 ፒክስል (የምስል ነጥብ)፣ ማለትም 8.7 ሚሊዮን ፒክስል ይሆናል። ሲከፈት ራም ላይ ወደ 35 ሜጋባይት ይይዛል። ስክሪናችሁ 720 በ1600 ከሆነ ማሳየት የሚችለው 1.15 ሚሊዮን ፒክስል ነው፤ የቀረውን ስልኩ በየቅጽበቱ እያሳነሰ ይጥለዋል። ያው ገጽ ግን እውነተኛ ጽሑፍ ቢሆን አንድ የግእዝ ፊደል የሚይዘው 3 ባይት ስለሆነ 2000 ፊደል ያለው ገጽ 6 ኪሎባይት ነው። 35 ሜጋባይትን ከ6 ኪሎባይት ጋር አስተያዩና ሶፍትዌር ማስጫን ለምን እንደማይረዳ ፍረዱ።

ደረጃ 1፦ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለዩ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ቀሪውን ሁሉ በከንቱ ይሠራል።

1. ቻርጀሩን ንቀሉ። ጥራት የሌለው ቻርጀር የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ረብሻ የስክሪኑን ንክኪ ያሳስታል፤ ጽሑፉ ወደ ላይ ስትገፉት ወደ ታች ይመለሳል፣ ሳትነኩት ይንቀሳቀሳል። ሲነቀል ከተስተካከለ ጉዳዩ አልቋል፤ ቻርጀር ቀይሩ።

2. እጃችሁንና ስክሪኑን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ስክሪን ፕሮቴክተሩ ጠርዙ ላይ ከተነሳ ወይም ውስጡ አቧራና አየር ካለው እዚያ ቦታ ላይ ጣት በደንብ አይያዝም። በሌላኛው የስክሪኑ ጎን እየገፋችሁ አነጻጽሩ።

3. ሴቲንግን ክፈቱና ዝርዝሩን ወደ ላይና ወደ ታች በፍጥነት ግፉ። ይህ ንጹህ ጽሑፍ ነው።

4. አሁን ያስቸገራችሁን ፋይል ክፈቱና እንዲሁ አድርጉ።

ሴቲንጉ ለስላሳ ሆኖ ፋይሉ ብቻ ከዘለለ ወደ ደረጃ 2 ሂዱ። ሁለቱም ከዘለሉ መጀመሪያ ደረጃ 5ን ሠርታችሁ ተመለሱ። ሁለቱም ለስላሳ ከሆኑና በራሱ የሚሄደው ስክሮል ብቻ ካስቸገረ ደረጃ 6 ይበቃችኋል።

በዓይን መፍረድ ለሚከብደው ሰው የተሻለ ምስክር አለ። «አባውት ፎን» ውስጥ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ደጋግማችሁ ንኩ፤ «ዴቨሎፐር ኦፕሽን» የሚባል ሜኑ ይከፈታል። እዚያ ውስጥ ስለ ሬንደሪንግ «ፕሮፋይል» የሚለውን ፈልጉና ስክሪን ላይ በአሞሌ እንዲያሳይ አድርጉ። ስክሮል ስታደርጉ ከታች ቀጫጭን አሞሌዎች ይወጣሉ። አረንጓዴው አግድም መስመር የ16 ሚሊሴኮንዱ ወሰን ነው። ከመስመሩ በላይ የወጣ እያንዳንዱ አሞሌ አንድ ያመለጠ ምስል ነው። አይታችሁ ስትጨርሱ አጥፉት።

ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ሜኑ ውስጥ ይህ መመሪያ ካላላችሁ በቀር ሌላ ምንም አትንኩ። በተለይ «ዶንት ኪፕ አክቲቪቲስ» የሚለውን ያበራ ሰው ከማንበቢያው ወጥቶ በተመለሰ ቁጥር አፑ እንደ አዲስ ይከፈትበታል። «ፎርስ 4 ኤክስ» ብሎ የሚጀምረው ደግሞ ሸክም ይጨምራል እንጂ አያቀልም። አኒሜሽኑን ወደ ግማሽ ማውረድ የሚባለው ዘዴም መስኮት ሲከፈትና ሲዘጋ ፈጠን ያደርጋል፤ በጣት የምትገፉትን ጽሑፍ አይነካውም።

ደረጃ 2፦ ፋይሉን መርምሩ

አንድ ቃል ላይ ጣታችሁን ጭናችሁ ቆዩ። ከሦስት አንዱ ይሆናል።

ሀ. ቃሉ ብቻውን ይቀለማል፤ ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉት በአማርኛ ይነበባል። እውነተኛ ጽሑፍ ነው።

ለ. ምንም አይቀለምም፤ በጣም ስታቀርቡት የፊደሉ ጠርዝ ይደበዝዛል። ጽሑፍ የመሰለ ፎቶ ነው። 200 ገጽ ሆኖ ከ50 ሜጋባይት በላይ የሚመዝን ሞጁል አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ወገን ነው።

ሐ. ይቀለማል፣ ሲለጠፍ ግን የላቲን ፊደልና ምልክት የተቀላቀለበት ትርጉም አልባ ነገር ይወጣል። ከዩኒኮድ (ዛሬ ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ ከሚጠቀምበት የፊደል ኮድ) በፊት በነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች፣ ለምሳሌ በቀድሞው ቪዥዋል ግእዝ፣ የተተየበ ነው። ለዓይን አማርኛ ነው፤ ለስልኩ ግን አይደለም። ገጾቹን ወደ ፎቶ ቀይራችሁ እንደ ለ ቁጠሩት፤ የደረጃ 4 «መንገድ ሐ» ሌላ ነው።

የትኛው እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፉ። ደረጃ 4 በዚህ ይከፈላል።

ደረጃ 3፦ ዝግጅት

ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ከሌላችሁ ኮምፒውተር ቤት ወይም የግቢው ላብራቶሪ ይበቃል። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያላችሁ ዋይፋይ በማይጨናነቅበት ሰዓት ሂዱ፤ ፋይል መጫንና ማውረድ አለበት።

1. የመጀመሪያውን ፋይል ኮፒ አስቀምጡና ስሙ ላይ «ዋናው» ብላችሁ ጨምሩ። ከዚህ በኋላ የሚነካው ኮፒው ብቻ ነው።

2. ፋይሉን ወደ ኮምፒውተሩ በፍላሽ አትውሰዱ። ሾርትከት ቫይረስ ፎልደራችሁን ሁሉ ይደብቅና ቀናችሁን ያበላሻል። ቴሌግራም ላይ ወደ «ሴቭድ ሜሴጅ» ላኩትና ኮምፒውተሩ ላይ ከዚያ አውርዱት።

3. የሰው ኮምፒውተር ላይ ከሆናችሁ ብራውዘሩን በኢንኮግኒቶ ክፈቱ። ስትጨርሱ ከጎግልም ከቴሌግራምም ውጡ። ስልካችሁ ላይ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስ» የሚለውን ክፈቱና የኮምፒውተሩ ስም እንዳልቀረ አረጋግጡ። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ በኋላ አካውንቱ በሌላ እጅ ሲገኝ የሚደነግጠውም ያው ሰው ነው።

4. ካሊበር የሚባለውን፣ የመጽሐፍ ፋይል ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ የሚቀይር ነጻ ፕሮግራም ጫኑ። የሰው ኮምፒውተር ላይ ፈቃድ ጠይቁ።

5. መብራት ሊሄድ እንደሚችል አስባችሁ ሥራውን በምዕራፍ በምዕራፍ ከፋፍሉት። የ200 ገጹን ሥራ በአንድ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ ለመጨረስ አትሞክሩ።

ደረጃ 4፦ ፋይሉን አቅልሉ

መንገድ ሀ፦ ፋይሉ እውነተኛ ጽሑፍ ከሆነ

ግባችሁ ፒዲኤፉን ወደ ኢፐብ መቀየር ነው። ፒዲኤፍ ገጹን በኤ4 ልክ አስሮ ስለሚይዝ በስልክ ላይ ግራ ቀኝ መጎተት ግድ ይላል። ኢፐብ ግን ጽሑፉን እንደ ስክሪኑ ስፋት ያጥፈዋል፤ የምትንቀሳቀሱት ወደ ታች ብቻ ነው።

1. ፒዲኤፉን በቀጥታ ካሊበር ላይ አትጨምሩ። ይቀይረዋል፣ ግን መስመሮቹን በየቦታው ይሰብራቸዋል። መጀመሪያ ጎግል ድራይቭ ላይ ጫኑት፣ በቀኝ ክሊክ «ኦፕን ዊዝ»፣ ከዚያ «ጎግል ዶክስ» በሉ። የዎርድ ፋይሉን ከመምህሩ ማግኘት ከቻላችሁ ይህ ሁሉ ቀረላችሁ፤ ጠይቁ።

2. የተከፈተውን በዎርድ ፎርማት አውርዱና መስመሮቹን አስተካክሉ። በየመስመሩ መጨረሻ «ኢንተር» የተመታ ከሆነ ዎርድ ላይ እንዲህ አድርጉ፦ «ሪፕሌስ» ክፈቱ፣ «ሞር»፣ ከዚያ «ስፔሻል» ውስጥ «ፓራግራፍ ማርክ» የሚለውን ምረጡ። ሁለት ተከታታይ ፓራግራፍ ማርኮችን በ### ተኩ። ቀጥሎ ነጠላ ፓራግራፍ ማርኮችን በባዶ ቦታ ተኩ። በመጨረሻ ###ን በፓራግራፍ ማርክ መልሱ። ቅደም ተከተሉን ካፋለሳችሁ መጽሐፉ በሙሉ አንድ አንቀጽ ይሆናል፤ ያኔ ሳትዘጉ «አንዱ» (Undo) ብላችሁ መልሱት።

3. የእያንዳንዱን ምዕራፍ ርዕስ መርጣችሁ «ሄዲንግ 1» የሚለውን ስታይል ስጡት። ጽሑፉን ማወፈርና ማተለቅ ብቻ አይበቃም፤ ስታይሉ ራሱ መሆን አለበት። ይህች እርምጃ የሥራው ግማሽ ናት። ካሊበር ኢፐቡን በሄዲንግ 1 እና 2 ላይ ይቆርጠዋል፣ እያንዳንዱ ምዕራፍ ለብቻው ትንሽ ፋይል ይሆናል፣ ስልኩም በአንድ ጊዜ የሚከፍተው አንዱን ብቻ ይሆናል። ሄዲንግ የሌለውን ግን ካሊበር መጠኑ 260 ኪሎባይት ሲያልፍ በደረሰበት ይቆርጣል፤ ይህም ወደ 87 ሺህ የግእዝ ፊደል ማለት ነው። ለደካማ ስልክ ይህ ይከብዳል።

4. በመጽሐፉ ውስጥ ያሉ ፎቶዎችን ወደ 720 ፒክስል ስፋት አሳንሱ። ዎርድ ላይ በማውስ ጎትቶ ማሳነስ ፎቶውን አያቀለውም፤ «ኮምፕረስ ፒክቸር» የሚለውን ተጠቀሙ።

5. ካሊበር ላይ «አድ ቡክስ»፣ ከዚያ «ኮንቨርት ቡክስ»። ከላይ በቀኝ በኩል ውጤቱ ኢፐብ መሆኑን አይታችሁ «ኦኬ» በሉ። ሲያልቅ በቀኝ በኩል «ፓዝ» ከሚለው ጎን ያለውን ሊንክ ስትነኩ ፋይሉ ያለበት ፎልደር ይከፈታል።

6. ወደ ስልካችሁ ላኩና ሁለት ምዕራፍ ብቻ ከፍታችሁ ሞክሩ። ጥሩ ከሆነ ወደ ደረጃ 5።

መንገድ ለ፦ የታተመ ጽሑፍ ፎቶ ወይም የድሮ ፊደል ከሆነ

1. ፒዲኤፉን ቆራርጡ። ጎግል ከፎቶ ላይ ጽሑፍ ሲያነብ ፋይሉ ከ2 ሜጋባይት እንዳይበልጥ ይመክራል። እንደ ስካኑ ክብደት ይህ 3 ገጽም 10 ገጽም ሊሆን ይችላል። ለመቁረጥ ሌላ ፕሮግራም አያስፈልግም፦ ክሮም ላይ ክፈቱት፣ «ፕሪንት» በሉ፣ በማተሚያው ምትክ «ሴቭ አዝ ፒዲኤፍ» ምረጡ፣ የገጽ ቁጥሩን ጻፉ።

2. የተገለበጠ ወይም የተንጋደደ ገጽ ካለ አቃኑት። የተገለበጠ ገጽ አይነበብም፣ ጠመም ያለው ደግሞ መስመር ያምታታል።

3. እያንዳንዱን ቁራጭ ድራይቭ ላይ ጫኑና በጎግል ዶክስ ክፈቱ። የተነበበው ጽሑፍ ይመጣል። ጽሑፉን ከዋናው ገጽ ጋር አስተያዩ፤ የገጹ ፎቶ አብሮ ከመጣ ከዚያ በኋላ ሰርዙት።

4. እርማቱን አትዝለሉ። አማርኛ ላይ ማሽኑ በብዛት የሚሳሳተው የፊደሉን እግርና ቀለበት ነው፦ ቢ እና ቤ፣ ሊ እና ሌ፣ እንዲሁም ለ እና ሰ። አራት ነጥብን ሁለት ነጥብ አድርጎ ይጽፋል። ከሁሉ በላይ ቁጥሮችን አንድ በአንድ ከዋናው ጋር አመሳክሩ። የነርሲንግ ተማሪ የመድኃኒት መጠን የሚያነበው ካልታረመ ፋይል ላይ ከሆነ ባያነበው ይሻላል።

5. ቁራጮቹን በአንድ ዶክመንት አጋጥሙና ከመንገድ ሀ ቁጥር 2 ቀጥሉ።

ኢንተርኔት ለማይገኝበት ቤት ቴሰራክት የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ የአማርኛ ዳታው ከተጫነለት ያለ ኔት ያነባል። በትእዛዝ መስኮት ስለሚሠራ ግን ለጀማሪ አይመችም።

መንገድ ሐ፦ የእጅ ጽሑፍ፣ ቀመር ወይም አጀሚ (በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ) ከሆነ

ፎርሙላ የሞላበት የኢንጂነሪንግ ሃንዳውት፣ የእጅ ማስታወሻ፣ ወይም ወሎ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው በአጀሚ የተጻፈ የመንዙማ ግጥም ፎቶ ወደ ጽሑፍ ለመቀየር አትድከሙ። ፎቶው ፎቶ ሆኖ ይቀልላል።

1. ኅዳጉን ቁረጡ። አብዛኛው ስካን ዙሪያውን ነጭ ወይም ጥቁር ጠርዝ አለው፤ ስልኩ እሱንም ይሸከማል።

2. ከቀለም ወደ ግራጫ ቀይሩ፣ 300 ዲፒአዩን ወደ 150 አውርዱ። ገጹ 1240 በ1754 ይሆናል፤ የፒክስሉ ብዛት ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ስካን ቴይለር የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ማቃናቱንም መቁረጡንም በአንድ ላይ ይሠራል።

3. የታተመ ጽሑፍ ሆኖ ማረም ለከበዳችሁ ብቻ፦ ኬ-ቱ-ፒዲኤፍ-ኦፕት የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ቃላቱን አያነብም፤ የእያንዳንዱን ቃል ምስል ቆርጦ በስልክ ስፋት ልክ መልሶ ይደረድራል። ለዚህ ነው ለማንኛውም ፊደል የሚሠራው። ሰንጠረዥና ቀመር ላይ ግን አትጠቀሙበት፤ ይበታትናቸዋል። ግጥምም ስንኙ ይሰበራል፤ መንዙማውን በቁጥር 1 እና 2 ብቻ ተዉት።

ደረጃ 5፦ ስልኩን አዘጋጁ

ሁሉም በአንድ ጊዜ አይነካ። አንዱን ለውጡ፣ ሞክሩ፣ ቀጥሉ።

1. ስቶሬጁን አራቁቱ። ሊሞላ የደረሰ ስልክ ሁሉ ነገሩ ይንቀረፈፋል። ቢያንስ ከአሥር አንድ እጁ ባዶ ይሁን። ትልቁ በላተኛ ብዙ ጊዜ ቴሌግራም ነው፦ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ»፣ «ስቶሬጅ ዩሴጅ»፣ «ክሊር ካሽ»።

ማስጠንቀቂያ፦ ካሹን ከማጥፋታችሁ በፊት የምታነቡትን ፋይል ከሦስቱ ነጥቦች ላይ «ሴቭ ቱ ዳውንሎድ» በሉት። አለበለዚያ እንደገና ማውረድ ይኖርባችኋል፤ ዳታው ከኪሳችሁ ነው። ፋይሉ የነበረበት ቻናል ተዘግቶ ከሆነማ ዳታም አይመልሰውም።

2. ባትሪ ቆጣቢውን አጥፉ። ብዙ ስልኮች ላይ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ይቀንሳል፣ ከፍ ያለ የማደሻ ፍጥነት ያለውን ስክሪንም ወደ 60 ያወርዳል።

3. ስልካችሁ 90 ወይም 120 ኸርዝ (በሴኮንድ 90 ወይም 120 ጊዜ የሚታደስ) የሚል ስክሪን ካለው «ዲስፕሌይ» ውስጥ «ሪፍሬሽ ሬት» የሚለውን አንድ ቦታ ላይ አጽኑት። «አውቶ» ላይ ሲሆን መካከል ላይ ፍጥነቱ ስለሚቀያየር ለስላሳው ይቋረጣል። ደካማ ስልክ ከሆነ 60 ላይ አጽኑ፤ በ90 ስልኩ ያለው ጊዜ ወደ 11.1 ሚሊሴኮንድ ያጥርበታልና የባሰ ሊዘል ይችላል።

4. ሙቀቱን ተጠንቀቁ። ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለምትል፣ ደሴ ላይ የማይግለው ስልክ እዚያ ከሰዓት በኋላ ቻርጅ ላይ ሆኖ ሲነበብበት ይግላል። ሽፋኑን አውልቁ፣ ቻርጁን ንቀሉ፣ ከፀሐይ አርቁት። ፍሪጅ ውስጥ የሚያስገባ ሰው አለ፤ አታድርጉት፣ ውስጡ ጤዛ ይይዛል።

5. ክሊነርና ራም ቡስተር የሚባሉትን አፖች አጥፉ። ራሳቸው ከኋላ ሆነው ራም ይበላሉ፣ ማስታወቂያ ይልካሉ። ሌባ ለመያዝ ሌባ መቅጠር ነው።

6. ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩና ደረጃ 1ን ድገሙ።

ደረጃ 6፦ ማንበቢያውን አፕና በራሱ የሚሄደውን ስክሮል አስተካክሉ

ለተራ ንባብ ሪድ ኢራ ማስታወቂያ ስለሌለው ይመቻል። በራሱ እንዲሄድ ለምትፈልጉ ሙን ፕላስ ሪደር ወይም ሊብሬራ ይሻላሉ። በራሱ መሄዱ ቅንጦት አይደለም፤ መንዙማ ወይም መዝሙር የሚያወርድ ሰው፣ እጁ ሥራ ላይ ያለ ሰው፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ላይ አንድ እጁ መያዣው ላይ የሆነ ተማሪ ይፈልገዋል።

1. ፊደሉን አተልቁ፤ አንድ መስመር ላይ ከ4 እስከ 6 ቃል ይብቃ።

2. አሰላለፉን ወደ ግራ አድርጉ። ግራና ቀኝ እኩል እንዲሆን ያደረገ ሰው፣ የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነና መስመር መጨረሻ ላይ ስለማይቆረጥ፣ በጠባብ ስክሪን ላይ ሰፋፊ ቀዳዳ ያገኛል። ዓይን በየቀዳዳው እየወደቀ ስክሮሉ ያልተስተካከለ ይመስለዋል።

3. ጀርባው አንድ ወጥ ቀለም ይሁን። የወረቀት ፎቶ ያለበትን ጀርባ ተዉት፤ ስልኩ እሱንም ይሥላል። ስክሪናችሁ አሞሌድ (AMOLED) የሚባለው ዓይነት ከሆነ ድፍን ጥቁር ጀርባ ላይ ነጭ ፊደል ሲንቀሳቀስ ጥላ ይጎትታል፤ ጠቆር ያለ ግራጫ ምረጡ።

4. የስክሮሉን ዓይነት «በፒክስል» ላይ አድርጉ። «በመስመር» ያለው በባሕርይው ይዘላል፤ ብልሽት አይደለም። ሙን ፕላስ ላይ «ሮሊንግ ብላይንድ» የሚባል አማራጭም አለ፦ ጽሑፉ ከቦታው አይንቀሳቀስም፣ አዲሱ ገጽ በአሮጌው ላይ እንደ መጋረጃ ይወርዳል። ለደካማ ስልክ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው።

5. ፍጥነቱን አስሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በ60 ኸርዝ ስክሪን ላይ በየምስሉ አንድ ፒክስል ቢሄድ በሴኮንድ 60 ፒክስል ይሆናል። የመስመራችሁ ቁመት 60 ፒክስል ቢሆን በሴኮንድ አንድ መስመር፣ 5 ቃል በመስመር ሲታሰብ በደቂቃ 300 ቃል፤ ለጥናት በጣም ይፈጥናል። ግማሹ፣ በሴኮንድ 30 ፒክስል፣ በደቂቃ 150 ቃል ነው። ከዚህ ጀምሩ።

ታዲያ 25 ወይም 40 ለምን አይሆንም? ብዙ አፖች ጽሑፉን በሙሉ ፒክስል እንጂ በከፊል አያንቀሳቅሱም። 40 ስትሉት አንዱን ምስል ይሄዳል፣ ሌላውን ይሄዳል፣ ሦስተኛውን ይቆማል፤ ስልኩ ምንም ሳይጎድለው ይንቀጠቀጣል። 60ን ያለ ትርፍ የሚያካፍሉት፣ 30፣ 20፣ 15፣ እኩል እርምጃ ይሰጣሉ። 30 ደግሞ 90ንም 120ንም ስለሚያካፍል በየትኛውም ስክሪን ይሠራል። አፖቹ ፍጥነቱን በፒክስል አይነግሯችሁም፣ ተራ ቁጥር ነው የሚያሳዩት። ስለዚህ ሰዓት ይዛችሁ አንድ መስመር ከስክሪኑ ታች እስከ ላይ የሚፈጅበትን ለኩ፤ 1600 ፒክስል በ30 ሲካፈል 53 ሴኮንድ ገደማ ነው። እዚያ አካባቢ አንድ ቁጥር ከፍ፣ አንድ ቁጥር ዝቅ እያደረጋችሁ መንቀጥቀጡ የሚጠፋበትን ያዙ።

6. ሚኒባስ ላይ ለሚያነብ፦ ስክሪኑ በራሱ መሽከርከሩን ቆልፉ። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ስልኩ ጋደም ባለ ቁጥር ገጹ ከተገለበጠ አፑ ጽሑፉን በሙሉ እንደ አዲስ ይደረድራል። መኪና ላይ ራስ የሚያዞራችሁ ከሆናችሁ ግን ለማንበብም አትሞክሩ።

ደረጃ 7፦ አሁንም ካልተስተካከለ

*ኢፐቡ ላይ በፊደል ፋንታ ሣጥን ይታያል።* ፋይሉ የራሱን ፊደል ይዞ መጥቷል። አፑ ውስጥ የሰነዱን ፊደል የሚጠቀመውን አማራጭ አጥፉ። ካልሆነ አቢሲኒካ የሚባለውን ነጻ የግእዝ ፊደል አውርዳችሁ በአፑ የፊደል ምርጫ ውስጥ ጨምሩ።

*ምዕራፉ መሃል ለስላሳ ነው፣ ምዕራፍ ሲቀየር ለአፍታ ይቆማል።* ጤነኛ ነው፤ ቀጣዩን ቁራጭ እየከፈተ ነው። ቆይታው ከረዘመ ቀጣዩ ምዕራፍ በጣም ትልቅ ነው፤ ዎርድ ላይ ተመልሳችሁ ንዑስ ርዕሶቹን «ሄዲንግ 2» አድርጉና እንደገና ቀይሩ።

*በራሱ የሚሄደው ስክሮል ጭራሽ አይንሸራተትም፣ ገጽ በገጽ ይዘላል።* ዴቨሎፐር ኦፕሽን ውስጥ «አኒሜተር ዱሬሽን» የሚለው ጠፍቶ፣ ወይም «አክሰሲቢሊቲ» ውስጥ አኒሜሽን የሚያስወግደው በርቶ እንደሆነ እዩ። ጓደኛ «ስልክህን ላፍጥንልህ» ብሎ የነካው ስልክ ላይ ይህ በብዛት ይገኛል። ወደ 1 መልሱት።

*የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ጥሩ ነው፣ በኋላ ይዘላል።* ሙቀት ነው፤ ደረጃ 5 ቁጥር 4። ስልኩ ካልጋለ ከኋላ የሚወርድ ነገር አለ፤ ዳታውን አጥፍታችሁ ሞክሩ። ቴሌግራም ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ የሚያደርገውን «አውቶ ዳውንሎድ» ዝጉ።

*ስክሪኑ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጣት አይቀበልም።* ዴቨሎፐር ኦፕሽን ውስጥ «ፖይንተር ሎኬሽን»ን አብሩና ጣታችሁን ሳታነሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብላችሁ መስመር አስምሩ። መስመሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከተቆረጠ ፕሮቴክተሩን አንሱና ድገሙ። አሁንም ከተቆረጠ ንክኪው ተጎድቷል። ጠጋኝ ዘንድ የሚኬደው ያኔ ነው፤ የምትጠይቁትም ሶፍትዌር ሳይሆን የስክሪን ዋጋ ነው፣ ፎቶና ቁጥራችሁን ኮፒ አድርጋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ።